ፌስታል የለበሰው ማንቂያ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡና ከመቁላቷ በፊት ወንበር ላይ ትወጣና ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ማንቂያ ፌስታል ታለብሰዋለች። አፉን በላስቲክ ጠበቅ አድርጋ ታስረዋለች። ልጅ ሆኜ ወንበሩን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቡናው ገና መንጣጣት ሲጀምር ማንቂያው ይጮሃል፣ ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ አንድ ጊዜማ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ሁላችንንም በነጠላና በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ አቁሞናል። ከዚያ ወዲህ ፌስታሉ እንደ ቄጠማውና እንደ ፈንዲሻው የቡናው ሥርዓት አንድ ክፍል ሆነ። ይህን ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ቤት ፌስታል ከነቀለሙ እያስታወሳችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ።

እኔም ስስቅበት ነው ያደግኩት። መሳቅ ያቆምኩት ባለፈው ኅዳር በነርሲንግ ክፍላችን ስለ ኦክስጅን መለኪያ ስንማር ነው። ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋን ትንሽ መሣሪያ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ በኮቪድ ጊዜ ስንቱ ቤት ገብታለች። በጣት ውስጥ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን ታሳልፍና ደሙ ምን ያህሉን እንደዋጠው አይታ የኦክስጅኑን መጠን ትገምታለች። ችግሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመ ደም ለእሷ ኦክስጅን የተሸከመ ደም ይመስላታል። ሰውየው እየታፈነ እንኳ ስክሪኑ ላይ 98 በመቶ ሊል ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው፤ አንዴ ከያዘ በኋላ ንጹሕ አየር ብንተነፍስም ግማሹ እስኪለቅ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እውነቱን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው። ያን ምርመራ ለማዘዝ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሰው መጠርጠር አለበት።

ምልክቶቹን ደብተሬ ላይ ስጽፍ እጄ ቆመ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንድንጠይቅ የተማርነው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፤ «ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን አሟቸዋል ወይ?» የእኛ ቤት የቅዳሜ ማታ ፊቴ ላይ መጣ። ከቡና በኋላ እናቴ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ ስታስር፣ ጎረቤታችን እትዬ «ዛሬስ ራሴን ያዘኝ፣ ቡናው ቀጠነ መሰለኝ» ብለው አንድ ሲኒ ሲያስደግሙ። በእኛ ሰው ዘንድ ራስ ምታት የሚመጣው ቡና ካልተጠጣ ነው፤ ስለዚህ ራሱን ያመመው ሰው መድኃኒቱን ፍለጋ ተመልሶ ወደ ከሰሉ ዳር ይጠጋል።

ፌስታሉን በተመለከተ ደግሞ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። የእኛ አፓርታማ ማንቂያ ሁለት በአንድ ነው፤ ጭስንም ካርቦን ሞኖክሳይድንም የሚጠብቀው ያው አንዱ ክብ ዕቃ ነው። እናቴ ጭሱን ዝም ልታሰኝ ስታስረው ሌላኛውንም አብራ ታስረዋለች። የእናንተም ቤት እንደዚያ ከሆነ ጀርባውን አይታችሁ አረጋግጡ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሁለት መሣሪያ ገዛሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ያስወጡኝ የአንድ ሴሚስተር መማሪያ መጽሐፍ ዋጋ ያህል ነው። አንደኛው በአየር ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶችን፣ ፒኤም 2.5 የሚባሉትን፣ በትንሽ ሌዘር ብርሃን እየመታ የሚቆጥር ነው። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድን በኬሚካል ሴል ይለካል፤ ጋዙ ሴሉ ውስጥ ሲገባ እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጥራል፣ እሱ ወደ ቁጥር ይቀየራል። ሁለቱም ዳታ ሎገር ናቸው፤ ማለትም ከሴንሰሩ ጋር ሰዓትና ማስታወሻ አላቸው። በየደቂቃው ያዩትን ከነሰዓቱ መዝግበው ያስቀምጣሉ፣ በዋይፋይም ወደ ስልክ ይልካሉ።

ማንቂያ እያለ መዝገቡ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ የክትባት ፍሪጅን ላንሳ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ዓርብ ማታ ፍሪጁ ተበላሽቶ ሌሊት ከበረዶ በታች ወርዶ ቅዳሜ ቢመለስ፣ ሰኞ ጠዋት በሩን ለሚከፍት ሰው ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ይለዋል። ብልቃጡም ያው ነው። ለምሳሌ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ኃይሉ አይመለስም፤ የሚያውቀው ግን መዝገቡ ብቻ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ተማሪ ሆነን ጠዋት መጀመሪያ ከምናደርጋቸው ነገሮች አንዱ የሌሊቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ማየት የሆነው ለዚህ ነው። የመጨረሻው መጠን ላይ ብቻ የሚጮህ ዕቃ ከዚያ በታች የሆነውን ሁሉ አይነግርም።

የቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም እንደዚያ ነው። በአሜሪካ መለኪያ ደንብ መሠረት 70 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 70 እጅ፣ ሲደርስ የሚጮኸው ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በ30 ፒፒኤም ደግሞ ለቀናት ዝም እንዲል ነው የተሠራው፤ ሰው በከንቱ ጩኸት ተሰላችቶ ባትሪውን እንዳይነቅል። በዚያው አገር የውጭ አየር ሕግ ግን በአንድ ሰዓት አማካይ ከ35 ፒፒኤም ማለፍ የሚፈቀደው በዓመት ከአንድ ጊዜ አይበልጥም። ማንቂያው የተሠራው እንዳንሞት ነው። ራሳችንን እንዳያመን፣ ልብ በሽተኛ አያት ወይም ነፍሰ ጡር እንግዳ እንዳይጎዳ አልተሠራም። ያንን ሥራ ከእሱ መጠበቅ የለብንም።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ግራፍ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። እናቴ እንደ ወትሮዋ ከሰሉን በረንዳ ላይ አያይዛ፣ አራግባ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ይዛ ገባች። ይህ የሁላችንም ቤት ጥንቃቄ ነው፤ «ጭሱ ካለቀለት አይጎዳም» ይባላል። ግራፉ ላይ ሁለት መስመር አለ። የቅንጣቶቹ መስመር ቡናው ሲቆላ ወጣ፣ እናቴ የተቆላውን እያዞረች ስታሸት ትንሽ ወረደ፣ ዕጣኑ ፍሙ ላይ ሲጣል ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከ600 ማይክሮግራም በላይ ደረሰ። ይህ ሁላችንም በዓይናችን ያየነውና በአፍንጫችን ያሸተትነው ነው። ሁለተኛው መስመር፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ምንም አላለም። አቦል ሲቀዳ 14 ነበር። ቶና ላይ 29። ዕጣኑ ጠፍቶ፣ ቤቱ ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ ወሬው ውስጥ ገብቶ፣ ከሰሉ ነጭ አመድ ለብሶ የሞተ ሲመስል፣ በረካ ላይ 52 ደረሰ። ማንቂያው ያን ዕለት ፌስታል አልለበሰም ነበር፤ ለጭሱ ሁለት ጊዜ ጮኾ በማራገቢያ አባረርነው። ለ52ቱ ግን ድምፅ አላሰማም፤ ደንቡም አይጠይቀውም።

ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ስንፈራ የኖርነው ጭሱን ነው። ጭስ ያልነደደ ነገር ነው፤ ፍም ሲሆን ያልቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የሚወጣው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው፣ ካርቦኑ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በረንዳ ላይ አራግቦ ማስገባት ዓይናችንን ከመቃጠል ያድናል፣ ደማችንን አያድንም። የከሰሉ ከረጢት ላይ ይህ በትልቁ ተጽፏል፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ከሰል ሁሉ ቤት ውስጥ ማንደድ እንደሚገድል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍና የተሰረዘ ሥዕል እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። እናቴን አሳየኋት። «እሱ ለባርቤኪው ነው» አለችኝ።

ስለ ቁጥሮቹ ሐቀኛ ልሁን። ርካሽ ሴንሰር ናቸው። የሌዘሩ መሣሪያ እርጥበት ሲበዛ ቅንጣቶቹ ውሃ ጠጥተው ስለሚያብጡ ከእውነቱ በላይ ይቆጥራል፤ የጀበናን እንፋሎት ጭስ ነው ብሎ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት አማካይ ወሰን 15 ማይክሮግራም ነው፤ የእኔ 600 ግን የጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «40 እጥፍ!» ብሎ መጮህ ማጭበርበር ነው። የጋዙ ሴልም በጊዜ ብዛት ይደክማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቦታው ነው። እኔ መሣሪያውን ያስቀመጥኩት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነው፣ እንግዶቹ ከሚቀመጡበት ሶፋ ጎን። እናቴ የምትቀመጠው ረከቦቱ ጋ፣ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቃ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መሣሪያውን በርጩማዋ አጠገብ ሳደርገው ቁጥሩ ከሶፋው ሁሌም ከፍ ያለ ሆነ። ለእንግዳ የለካሁትን ለእናቴ ለክቼ አልነበረም።

ጥር ላይ ወደ ግቢ ተመለስኩ። ኮሌጃችን ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ስለዚህ አፑን ስልኬ ላይ ጭኜ ከዶርም ሆኜ መከታተል ጀመርኩ። መስመሩ ከፍ ሲል ስልኬ ይንጫጫል፣ እኔም እደውላለሁ፤ «እማዬ፣ መስኮት ክፈቺ።» ትከፍታለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እደውላለሁ። እንግዶቿ ፊት። ከዚያ በየካቲት ውስጥ ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ዜሮ አካባቢ ቀጥ ያለ። ኮራሁ። ከሰል ትታለች ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አወራሁ፤ አንዷማ ለፕሮጀክት ተጠቀሚበት አለችኝ። ለፕሮጀክቱ ስል ዋናውን የዳታ ፋይል ሳወርድ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያሉት ረድፎች የሉም። አፑ የጎደለውን ሰዓት ባዶ አድርጎ በማሳየት ፈንታ ከጉድለቱ በፊት ያለውን ነጥብና ከጉድለቱ በኋላ ያለውን ነጥብ በመስመር አገናኝቶት ነበር። ያ የኮራሁበት ጠፍጣፋ መስመር ማንም ያልለካው ሰዓት ነው።

ደወልኩ። እናቴ አልካደችም። «ፌስታል ላለብሰው አስቤ ነበር፤ ውድ ነው ስትይ ሰምቼ ነቀልኩት» አለች። ሳቅኩ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። እናቴ አረጋውያንን በቤታቸው ትንከባከባለች። በር ላይ ስትደርስ በስልኳ መግቢያ ትመታለች፣ ስልኩ ቦታዋን ያሳያል፣ ስትወጣም እንዲሁ። አንዳንዱ ቤት ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ አለ። «ቀኑን ሙሉ ስታይ የምውል ሰው ነኝ» አለችኝ፤ «ቤቴ ስገባ ደግሞ ልጄ ስንት ሰዓት ቡና እንዳፈላሁ ታውቃለች። እንግዳ መጣ አልመጣ ታውቃለች። ቅዳሜ ካልቆላሁ ታመምሽ ወይ ብለሽ ትደውያለሽ። እኔ አየሩን እንጂ እኔን ለኪኝ አላልኩሽም።»

መልስ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም ልክ ነበረች። የአየር ዳታ የአየር ብቻ አይደለም። የወጥ ቤት ቅንጣት መቼ እንደሚበላ ይናገራል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ይናገራል። እኛ የጤና ተማሪዎች ለበሽተኛ ምስጢር ፈርመን ክሊኒክ እንገባለን፤ የእናታችንን ሳሎን ግን በአፕ ከፍተን ምሳ እየበላን እናያለን። እኔ ያደረግኩት ፌስታል ወደሚያለብስ ሰው ቤት ሁለተኛ ማንቂያ መጨመር ነው። ያገኘሁትም ሁለተኛ ፌስታል ነው።

በፋሲካ እረፍት ቤት ስሄድ ዋይፋዩን ከመሣሪያው አጠፋሁት፣ አፑንም ከስልኬ አወጣሁ። መሣሪያው መዝግቦ ለራሱ ያስቀምጣል፣ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ የሚያየው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው። እናቴ በርጩማዋ ጎን አስቀመጠችው። ቁጥሩን እኔ ሳልነግራት ራሷ ስታነበው ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ መስኮት ከፍታ ሞከረች፤ ወረደ፣ ግን ዜሮ አልሆነም፣ በዚያ ላይ እንግዳ በብርድ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ምድጃውን ወደ በሩ አስጠጋች፤ ነፋሱ ወደ ውስጥ ሲነፍስ ጭራሽ ባሰ። መስኮት መክፈት ይበቃል ብዬ በጥር ወር በየሳምንቱ ስደውልላት የነበርኩት እኔ ተሳስቼ ነበር፤ የጤና ባለሥልጣናትም መስኮት ቢከፈት እንኳ ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ ነው የሚሉት። በአራተኛው ሙከራ ጀበናውን በትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣደችው። መስመሩ ዜሮ ላይ ተኛ፤ በዚህ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ረድፎቹ ሁሉ አሉ፣ ራሷ አስቀድማ «እይው፣ አልነቀልኩትም» ብላ አሳየችኝ።

እትዬ ጎረቤታችን ቅር ብሏቸዋል። «ያለ ከሰል ምን ቡና ነው፣ ሻይ ነው እንጂ» ይላሉ። ዕጣኑም አልቀረም፤ በትንሿ ክብ ከሰል በረንዳ በር ላይ ይጨሳል፣ የቅንጣቱም መስመር እንደ ድሮው ባይሆንም ይወጣል። እዚያ ላይ አልተስማማንም፤ እኔ ቢቀር እላለሁ፣ እናቴ «ዕጣኑንማ ተይልኝ» ትላለች። ቤቱ የእሷ ነው፣ ቁጥሩንም ታውቀዋለች።

ይህን ስናገር ከሁለት ወገን ወቀሳ ይመጣብኛል። አንዱ «እናቶቻችን ዕድሜያቸውን በከሰል ኖረዋል» የሚለው ነው። ኖረዋል፤ ግን ብዙው የአገር ቤት ቤት በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ይተነፍሳል። እዚህ የምንኖረው ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ድርብ መስታወት፣ በሩ ላስቲክ የተደረገለት አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ብርድ የማያስገባ ቤት ጋዝም አያስወጣም። አገር ቤትም ቢሆን በብርድ ወራት ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው በጠዋት ያልተነሡ ሰዎችን ዜና ያልሰማ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ነገር ምክንያት በተበከለ አየር በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። «ኖረዋል» ስንል የምንቆጥረው የኖሩትን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወቀሳ ከክፍሌ ልጆች ነው፤ «አደገኛ ከሆነ ንገሪያትና ታቁም፣ ሴንሰር ምን ያደርጋል?» እኔም እንደ ነርስ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ከሰል ቤት ውስጥ አይነድም። ሴንሰሩ ፈቃድ አይደለም፤ ቁጥሩ ዝቅ አለ ተብሎ ከሰል አይገባም፤ ማንቂያውንም አይተካም። ማንቂያ ከጮኸ ወጥቶ 911 መደወል ነው። ነገር ግን ለአስር ዓመት ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ያላመነች ሴት ራሷ ያየችውን 52 አምናለች። ማስጠንቀቂያው ሌላ ሰው ስለ ሌላ ቤት የጻፈው ነው። ቁጥሩ የራሷ ሳሎን፣ የራሷ በረካ ነበር።

ዳታው በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከእኛ ሳሎን ይሰፋል። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት የከተማዋን አየር በየሰዓቱ እየለካ ለማንም ክፍት አድርጎ በኢንተርኔት ያሳይ ነበር። እኔም ጥሩ ሴንሰር እንዴት እንደሚመዘግብ ለማየት መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው። በማርች 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጀት የለም ብሎ በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚመጣውን የአየር ዳታ ማጋራቱን አቆመ። የአዲስ አበባ ሰው መተንፈሱን አላቆመም። የራሱ ባልሆነ መሣሪያ ላይ የተደገፈ ሰው ሌላው ሲነቅልበት ማድረግ የሚችለው ነገር የለም፤ እኔ ከእናቴ ጋር የነበረኝ ጉዳይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር፣ መንቀያው በእሷ እጅ፣ ዳታው በእኔ እጅ። ሁለቱም በአንድ እጅ ቢሆን ይሻላል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ በጤና ሳምንት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጅ ጠረጴዛ ዘርግተን የደም ግፊትና ስኳር እንለካለን። ጥሩ ነው፤ ከሚመጡት እናቶች መካከል ግን «ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን ያመኛል» የምትለውን የደም ግፊቷን ለክተን «ደህና ነሽ» ብለን እንሸኛታለን። በዚያው ገንዘብ ስድስት ያህል የካርቦን ሞኖክሳይድ መዝጋቢዎች ገዝተን እንደ መጽሐፍ እናበድር። ለአንድ ቤት ሦስት ሳምንት። ዋይፋዩ ጠፍቶ ይሰጥ። ከተፈለገ አንድ አማርኛ የሚችል ተማሪ ሄዶ ያስቀምጥ፣ ያስረዳ፣ ግራፉንም ከቤቱ ባለቤት ጋር አብሮ ያንብብ። ሲመለስ መዝገቡ በባለቤቱ ፊት ይሰረዝ። ማኅበሩ ዳታ አይሰብስብ፣ ማንም ለፕሮጀክት አይጠቀምበት፣ እኔን ጨምሮ።

ይህን የመጨረሻውን ያለምክንያት አላጠበቅኩትም። ብዙው የኪራይ ውል ቤት ውስጥ እሳትና ከሰል ይከለክላል። አከራይ እጅ የሚገባ ግራፍ ከቤት ማስወጫ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ሰዎች ያን ከፈሩ ደግሞ መሣሪያውን አይወስዱም፣ ወይም ወስደው ከነቀሉት በኋላ ጠፍጣፋ መስመር ያመጡልናል። መስመሩ ጠፍጣፋ ነው ብለን ደስ ይለናል፣ ሪፖርት እንጽፋለን።

ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ላሳያችሁ የእናቴን መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ጠይቄያት ነበር። «ቅዳሜ መሐል ላይ ነው» ብላ ከለከለችኝ፤ ስለዚህ ፎቶውን ይዤ እመጣለሁ።